ያልበሰለ እንቁላል ደካማ እንቁላል ማለት አይደለም

የጠያቂያችን ደብዳቤ፦

«36 ዓመቴ ነው። ልጅ ለመውለድ መሞከር ከጀመርን 4 ዓመት ሆነን። ከ3 ወር በፊት የመጀመሪያውን አይቪኤፍ (እንቁላልና የወንድ ዘር ከሰውነት ውጭ የሚዋሃዱበት ሕክምና) አደረግን። ከመጀመራችን በፊት በወር አበባዬ 3ኛ ቀን በተመረመርኩት ደም ኤኤምኤች 0.8 ናኖግራም በሚሊ ሊትር መጣ፣ ዝቅተኛ ነው ተባልኩ። ኤፍኤስኤች ግን 8.7 ሆኖ ‹ይሄኛው ደህና ነው› አሉኝ። ወረቀቱ ላይ ኢስትራዲዮል 92 የሚልም አለ፤ ስለ እሱ ማንም ምንም አላለኝም። በአልትራሳውንድ ከሁለቱም በኩል 6 ትናንሽ ፎሊክል (እንቁላል የሚያድግበት ከረጢት) ተቆጠረ። በቀን 300 ዩኒት የማነቃቂያ መርፌ ለ10 ቀን ተወጋሁ። በመጨረሻው ቀን ፎሊክሎቹ 22፣ 19፣ 14፣ 13 እና 11 ሚሊ ሜትር ነበሩ፣ ኢስትራዲዮል ደግሞ 610። ከ4 እንቁላል 2ቱ ብቻ የበሰሉ ሆነው ተገኙ። አንዱ ጽንስ ሆነ፣ በ3ኛው ቀን 7 ሴል ደረሰ፣ ከዚያ ቆመ። ሐኪሜ ‹የእንቁላልሽ ጥራት ዝቅተኛ ነው፤ በሚቀጥለው መርፌውን ወደ 450 እናሳድገው፣ ካልሆነ የለጋሽ እንቁላል አስቢበት› አለኝ። በ37 ዓመቷ ያለች ጓደኛዬ ኤኤምኤች 5.9 ነው፣ የኔን ከ7 እጥፍ በላይ ማለት ነው። ኮኪውቴንና ዲኤችኢኤ የሚባሉ እንክብሎች ገዝቼ ተቀምጫለሁ፣ አልጀመርኳቸውም። የባለቤቴ ምርመራ ደህና ነው ተብሏል። እንቁላሌ በእርግጥ ተበላሽቷል?»

ውድ ጠያቂያችን፣ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ጽፈው መላክዎ ትልቅ ነገር ነው፤ መልሱ ያለው እነሱ ውስጥ ነውና። በላኩልን ወረቀት ላይ እንቁላልዎ ተበላሽቷል የሚያሰኝ ነገር አላገኘንም። ያየነው እንቁላልዎ ጥቂት መሆኑን፣ ከጥቂቶቹም ግማሾቹ ሳይበስሉ መውጣታቸውን ነው። ማነስ፣ አለመብሰልና መበላሸት ሦስት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። መንስኤያቸው አንድ አይደለም፣ መድኃኒታቸውም አንድ አይደለም። ሦስቱ «ጥራቱ ዝቅተኛ ነው» በሚል አንድ ቃል ሲጠቀለሉ ግን የሚቀጥለው ሕክምና ያለ ካርታ ይጀመራል።

ብዙ ሰው እንቅልፍ የሚያጣበት ኤኤምኤች ስለሆነ በእሱ እንጀምር። ይህን ሆርሞን የሚያመነጩት እንቁላሉን ከበው የሚያሳድጉት፣ ግራኑሎሳ የሚባሉት ሴሎች ናቸው፤ ያውም ፎሊክሉ ገና ከ8 ሚሊ ሜትር በታች ሳለ። ከዚያ በላይ ሲያድግ ማመንጨታቸውን ይተዋሉ። ስለዚህ በደም ውስጥ የሚለካው ኤኤምኤች ተራቸውን የሚጠብቁ ትናንሽ ፎሊክሎች ስንት ያህል እንደሆኑ ይጠቁማል። እንቁላሉ ውስጥ ያለው ክሮሞዞም የተስተካከለ ይሁን አይሁን ግን አያውቅም። ለሐኪሙ የመርፌ መጠን ለመምረጥና ስንት እንቁላል እንደሚጠበቅ ለመገመት ይጠቅመዋል፤ ከዚያ ያለፈ ትርጉም ሲሰጠው ይጠንቀቁ። በ2017 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ከ30 እስከ 44 ዓመት የሆኑ፣ የመካንነት ታሪክ የሌላቸውና ለማርገዝ መሞከር የጀመሩ 750 ገደማ ሴቶችን ተከታትሎ ነበር። ኤኤምኤቻቸው ከ0.7 በታች የሆነው ሴቶች ከሌሎቹ ባልተናነሰ አርግዘዋል። በተፈጥሮ በወር የሚያስፈልገው አንድ እንቁላል ነው፤ ከኋላዋ 6 ይሁኑ 20 ተሰልፈው ለእሷ ለውጥ የለውም። የመጀመሪያዋ የአይቪኤፍ ልጅ በ1978 የተወለደችውም ምንም ማነቃቂያ መርፌ ሳይሰጥ በተፈጥሮ ዑደት ከወጣ አንድ እንቁላል ነው። የእርስዎ ሁኔታ ይለያል፣ 4 ዓመት ሞክረዋል፤ ይህን ያነሳነው ብዛት ስለ ጥራት እንደማይመሰክር ለማሳየት ብቻ ነው።

የጓደኛዎ 5.9 ደግሞ ወዲያው ነው ያጠራጠረን። ኤኤምኤች በሁለት መለኪያ ይጻፋል። አንዱ ናኖግራም በሚሊ ሊትር ነው፣ ሌላው ፒኮሞል በሊትር። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ቁጥር 7.14 ነው። የእርስዎ 0.8 በ7.14 ሲባዛ 5.7 ይሆናል። ጓደኛዎ የተመረመረችው በፒኮሞል ከሆነ ሁለታችሁ በተግባር አንድ ናችሁ ማለት ነው። ወረቀቷን ተቀብለው ከቁጥሩ ቀጥሎ የተጻፈውን ይመልከቱ። ይህ መምታታት ከሚገመተው በላይ በየጊዜው ያጋጥማል፣ ስንቱን ሰው ያለ ምክንያት አስለቅሷል።

ማንም ምንም ወዳላለዎት 92 እንምጣ። ለእኛ ከወረቀቱ ሁሉ የሚበልጠው ቁጥር እሱ ነው።

ኤፍኤስኤች ከአንጎል ሥር ካለችው የፒቱታሪ ዕጢ የሚወጣ፣ ፎሊክሎችን «እደጉ» የሚል ትእዛዝ ነው። ፎሊክሎቹ ሲያድጉ ኢስትራዲዮልና ኢንሂቢን ቢ የሚባሉ ሆርሞኖች ያመነጫሉ፤ ዕጢዋ እነዚህን በደም ውስጥ ስታይ ትእዛዟን ትቀንሳለች። ፎሊክል ሲያንስ መልስ የሚሰጣት ስለሚጠፋ ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች፣ ኤፍኤስኤች ከ10 በላይ ይወጣል። በወር አበባ 2ኛ ወይም 3ኛ ቀን ኢስትራዲዮል ገና ዝቅ ብሎ መገኘት አለበት። ከ60 እስከ 80 ፒኮግራም በሚሊ ሊትር ካለፈ ኤፍኤስኤችን በግድ ወደ ታች እየጫነው ነው። እንዲህ ባለ ቀን የተገኘ 8.7 «ደህና» ሊባል አይችልም፤ ክዳን የተደፋበት ቁጥር ነው። ኤኤምኤች ዝቅ ብሎ ኤፍኤስኤች ጤነኛ መምሰሉ የተጋጨ መስሎዎት ከነበረ፣ ግጭት የለም።

ወደ ድምዳሜ ከመሮጣችን በፊት ግን አንድ የላቦራቶሪ ወጥመድ አለ። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጥ ባዮቲን የሚባል ቫይታሚን ይወስዱ ነበር? በ5 ወይም በ10 ሚሊ ግራም እንክብል የሚመጣው ባዮቲን በአንዳንድ የላቦራቶሪ ማሽኖች ውስጥ ገብቶ ምርመራውን ያዛባል። ኢስትራዲዮልን ያለ አግባብ ከፍ፣ ኤፍኤስኤችንና ኤኤምኤችን ያለ አግባብ ዝቅ ያደርጋል። የእርስዎን ወረቀት ልብ ይበሉ፤ ኤኤምኤች ዝቅ፣ ኤፍኤስኤች ጤነኛ መሳይ፣ ኢስትራዲዮል ከፍ። ባዮቲን የሚሠራው መልክ ራሱ ነው። በአልትራሳውንድ 6 ፎሊክል ብቻ መታየቱና በመርፌም 5 ብቻ ማደጋቸው የማነሱ ነገር እውነት እንደሆነ ያሳያሉ፣ አልትራሳውንድ ባዮቲን አያውቅምና። የ92ቱ ጉዳይ ግን መረጋገጥ ይገባዋል። ባዮቲን ከወሰዱ ቢያንስ 3 ቀን አቁመው ደሙን ይድገሙት። የእርግዝና መከላከያ እንክብል በዚያ ሰሞን ወስደው ከነበረም ይናገሩ፣ እሱም ኤኤምኤችን ዝቅ አድርጎ ያሳያል።

ባዮቲን ካልወሰዱ 92ቱ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንዱ ካለፈው ወር የቀረ፣ ሆርሞን የሚያመነጭ የውኃ ከረጢት ነው። ሌላውና ፎሊክል ባነሰባቸው ሴቶች ላይ የተለመደው ግን አንድ ወይም ሁለት ፎሊክል ከሌሎቹ ቀድሞ መነሳቱ ነው። ፎሊክል ሲያንስ ኤፍኤስኤች ወር አበባ ከመምጣቱ በፊት፣ ባለፈው ወር መጨረሻ ላይ ገና መነሳት ይጀምራል። ያኔ ሁሉም እኩል አይሰሙትም፤ የቀረበው ብድግ ይላል፣ ሌላው ይዘገያል። ወር አበባ መጥቶ መርፌ ሲጀመር አንዱ 10 ወይም 11 ሚሊ ሜትር ደርሷል፣ ሌሎቹ 4 እና 5 ላይ ናቸው። በመርፌ ሁሉም በተቀራራቢ ፍጥነት ነው የሚያድጉት፤ ኋላ የቀረው ሮጦ የሚደርስበት መንገድ የለም። በ10 ቀን መጨረሻ 22፣ 19፣ 14፣ 13፣ 11 ሆነው መገኘታቸው የዚህ ውጤት ይመስለናል።

ይህ ልዩነት እንቁላሉ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለማየት አንድ ፎሊክል ውስጥ እንግባ። 20 ሚሊ ሜትር የደረሰ ፎሊክል ውኃ የሞላው ከረጢት ነው፤ እንቁላሉ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ብቻ ሆኖ በአንድ ጥግ በደመና መሰል ሴሎች ተከቦ ይቀመጣል። ግድግዳው ሁለት ድርብ ነው። የውጩ ድርብ፣ ቴካ የሚባለው፣ ኤልኤች በተባለው ሆርሞን ትእዛዝ ከኮሌስትሮል የወንዴ ሆርሞን ይሠራል። የውስጡ ድርብ፣ ግራኑሎሳው፣ ያንን ተቀብሎ በኤፍኤስኤች ትእዛዝ ወደ ኢስትራዲዮል ይለውጠዋል። የደረሰ አንድ ፎሊክል በደም ውስጥ ከ200 እስከ 300 ፒኮግራም ያህል ኢስትራዲዮል ያበረክታል። የእርስዎን 610 ያካፍሉት፤ 2፣ ቢበዛ 3 ይመጣል። 5 ፎሊክል በስክሪኑ ላይ ሲታይ ደሙ የደረሱት 2 ናቸው እያለ ነበር። የወጡትም የበሰሉ እንቁላሎች 2 ናቸው።

እንቁላሉ ራሱ እርስዎ በእናትዎ ማህፀን ሳሉ ክፍፍሉን ጀምሮ መሃል ላይ የቆመ ነው። ከዚያ ጀምሮ ያቆመው በዙሪያው ያሉ ሴሎች የሚልኩለት «ጠብቅ» የሚል ኬሚካዊ መልእክት ነው። በተፈጥሮ ኤልኤች በድንገት ሲያሻቅብ፣ በሕክምና ደግሞ ትሪገር የሚባለው የመጨረሻ መርፌ ሲሰጥ፣ ያ መልእክት ይቋረጣል። እንቁላሉ ከ34 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ክፍፍሉን ይቀጥላል፣ የክሮሞዞሙን ግማሽ በአንዲት ትንሽ ኳስ አድርጎ ወደ ውጭ ይገፋል። በማይክሮስኮፕ የሚያይ ባለሙያ «በስሏል» የሚለው ያቺ ኳስ ከእንቁላሉ ጎን ስትታይ ነው። ኳሷ የለችም፣ በውስጡ ግን ክብ ኒውክለስ ይታያል ማለት ገና አልጀመረም። ሁለቱም የሉም ማለት ጀምሮ አልጨረሰም። ትሪገሩ የሚሰማው ደግሞ በፎሊክሉ ግድግዳ ላይ የኤልኤች ተቀባዮች ከተተከሉ ነው፤ እነሱ የሚተከሉት ፎሊክሉ እያደገ ሲሄድ ነው። ትንሽ ፎሊክል መርፌውን በደንብ አይሰማም። የ14 እና የ13 ሚሊ ሜትሮቹ እንቁላሎች ሳይበስሉ ቢወጡ፣ ከ11ዱ ምንም ባይገኝ፣ የሚጠበቅ ነው። እነሱን መጥፎ ማለት ጥሬ ፍሬ ቀጥፎ ዛፉን መውቀስ ነው።

«ታዲያ ሐኪሙ ለምን አልጠበቀም?» ይሉ ይሆናል። ትሪገር በአብዛኛው የሚሰጠው 2 ወይም 3 ፎሊክል 17 ወይም 18 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ነው። የእርስዎ መሪ ፎሊክል 22 ደርሷል፤ ሁለት ቀን ቢጠበቅ 26 ይሆንና እንቁላሉ ከልክ በላይ ሊበስል ይችላል። ቀድመው የደረሱትን ለማትረፍ የዘገዩትን መሠዋት ነበረበት፣ ስሌቱም ስህተት አልነበረም። ስህተቱ፣ ስህተት ከተባለ፣ የተፈጠረው መርፌው በተጀመረበት ቀን ነው፤ 92 እየታየ መጀመሩ ላይ።

ስለዚህ መጠኑን ወደ 450 ማሳደግ ይህን አይፈታም። መርፌ አዲስ ፎሊክል አይፈጥርም፣ በዚያ ወር የተሰለፉትን ብቻ ያሳድጋል። 6 ፎሊክል ከተሰለፈ 300 ዩኒት የማያነሳውን 450 አያነሳውም። የአውሮፓ የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማኅበር መመሪያም ጥቂት እንቁላል ለሚጠበቅባቸው ሴቶች ከ300 በላይ እንዲሰጥ አይመክርም። እንዲያውም 150 ዩኒት ክሎሚፊን ከሚባለው ፎሊክል አነቃቂ እንክብል ጋር ተደርጎ ከፍተኛ መጠን ከሚሰጠው ሕክምና ጋር ተቀራራቢ ውጤት ይገኛል፤ ሰውነትም ኪስም ያርፋል። የጨመረው 150 ዩኒት በእርግጠኝነት የሚጨምረው ሂሳቡን ነው።

ሊያግዝ የሚችለው ፎሊክሎቹን በእኩል ማስነሳት ነው። ከሐኪምዎ ጋር ሊያነሱት የሚገባው ቅድመ ዝግጅት እንዲህ ይሠራል፤ እንቁላል ከወጣ (በሽንት መመርመሪያ ኤልኤች ከታየ) ሳምንት ገደማ በኋላ ኢስትራዲዮል 2 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ተጀምሮ፣ እስከሚቀጥለው የወር አበባ 2ኛ ቀን ይወሰዳል። ይህ በወሩ መጨረሻ ያለ ጊዜው የሚነሳውን ኤፍኤስኤች ይይዘዋል፤ ቀድሞ የሚነሳው ፎሊክል እንደ ጓደኞቹ ይጠብቃል፣ መርፌው ሲጀመር መጠናቸው ይቀራረባል። ከልጅ መውለድ አንፃር ያለው ጥቅም እስካሁን በጥናት በበቂ አልተረጋገጠም፤ ለሁሉም ሴት በጅምላ የሚታዘዝም አይደለም። መጠናቸው ተበታትኖ ለታየ ሰው ግን ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ እኛም በእርስዎ ቦታ የመርፌውን መጠን ከማሳደግ በፊት ይህን እንመርጥ ነበር። የደም መርጋት፣ የጡት ካንሰር ወይም ብርሃን እያብለጨለጨ የሚጀምር ራስ ምታት ታሪክ ካለ ኢስትራዲዮል አይጀመርም፤ በራስዎም አይጀምሩት። ለዚሁ ዓላማ የእርግዝና መከላከያ እንክብል የሚሰጥበት ቦታ አለ፤ ፎሊክል ላነሰባት ሴት ግን ኦቫሪውን (ፎሊክሎቹ ያሉበትን የእንቁላል ማምረቻ) ከመጠን በላይ ሊያስተኛው ስለሚችል እኛ ሁለተኛ እናደርገዋለን።

እስካሁን ስለ ብስለት ነው ያወራነው። እውነተኛው ጥራት፣ የክሮሞዞም መስተካከል፣ የሌላ ጌታ ባሪያ ነው፤ የዕድሜ። ክሮሞዞሞቹን ጥንድ ጥንድ አድርገው የያዙት የፕሮቲን ቀለበቶች ከመወለድ በፊት የተሠሩ ናቸው፣ አይታደሱም፣ በዓመታት ብዛት ይላላሉ። ክፍፍሉ ሲቀጥል አንዱ ክሮሞዞም ወደማይገባው ወገን ይሄዳል። 5ኛ ቀን በደረሱ ጽንሶች ላይ በተደረገ ምርመራ የክሮሞዞም መዛባት በ36 ዓመት ከሦስቱ አንዱ አካባቢ፣ በ40 ከግማሽ በላይ፣ በ43 ከአምስቱ አራቱ ያህል ይገኛል። ይህን የሚለካ የደም ሆርሞን የለም፤ ኤኤምኤችም፣ ኤፍኤስኤችም፣ ኢስትራዲዮልም አይለኩትም። ዕድሜያቸው እኩል ሆኖ ኤኤምኤቻቸው የሚለያይ ሴቶች ሲነጻጸሩም ዝቅተኛው ኤኤምኤች ብቻውን የክሮሞዞም መዛባትን በአብዛኛው አላበዛም። የ36 ዓመት ሴት እንቁላል፣ 6 ይሁን 20፣ የ36 ዓመት እንቁላል ነው።

ያ 7 ሴል የደረሰው ጽንስስ? በ3ኛው ቀን 7 ወይም 8 ሴል መድረስ ደህና ጉዞ ነው። እስከዚያ ጽንሱ የሚኖረው እንቁላሉ ባስቀመጠለት ስንቅ ነው። በ4 እና በ8 ሴል መካከል የራሱን ጂን ያበራል፣ የአባትም ድርሻ ያኔ ነው ሥራ የሚጀምረው። ከዚህ በኋላ መቆም ከክሮሞዞም መዛባት ሊመጣ ይችላል፤ ከወንዱ ዘር ዲኤንኤ መሰባበርም ሊመጣ ይችላል። መደበኛው የወንድ ምርመራ ብዛት፣ እንቅስቃሴና ቅርጽ ነው የሚያየው፣ የዲኤንኤ ስብርባሪን አያይም። የባለቤትዎ ወረቀት «ደህና» ማለቱ እስከዚያ ድረስ ነው። ከአንድ ጽንስ ፍርድ መስጠትም ይከብዳል። ሁሉም በተሳካበት ላቦራቶሪ እንኳ ከሚዋሃዱት ውስጥ 5ኛው ቀን የሚደርሱት ግማሽ ቢሆኑ ነው። አንድ ሳንቲም ጥለው ጎፈር ባይመጣ ሳንቲሙን አይጠረጥሩትም።

አሁን ወደ ገዟቸው እንክብሎች። እንቁላሉ ከትንሽ ፎሊክል ተነስቶ እስኪወጣ የመጨረሻው ጉዞ 85 ቀን ገደማ ይፈጃል፤ «3 ወር ተዘጋጂ» የሚባለው ከዚህ ነው የመጣው። ኮኪውቴን የሴሉን ኃይል ማመንጫ ይረዳል ተብሎ የሚሰጥ ነው። ትናንሽ ጥናቶች ጥቂት ተጨማሪ እንቁላል አሳይተዋል፣ የሚወለድ ልጅ መብዛቱ ግን አልጸናም። በቀን 200 ሚሊ ግራም ጀምሮ እስከ 600 በጥናት ተወስዷል፣ ጉዳቱ አነስተኛ ነው፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድ ሴት ግን ሐኪሟን ሳትጠይቅ አትጀምረው። ገዝተውታልና ይጀምሩት፤ ተአምር አይጠብቁ። ዲኤችኢኤ ይለያል። ሰውነት ውስጥ ወደ ወንዴ ሆርሞን የሚለወጥ ሆርሞን ነው እንጂ ቫይታሚን አይደለም፤ ብጉር፣ የፊት ፀጉር፣ የፀጉር መነቃቀል ያመጣል፣ መመሪያዎችም በመደበኛነት አይመክሩትም። እሱን ሳጥኑ ውስጥ ይተዉት። የዕድገት ሆርሞንና ወደ ኦቫሪ የሚወጋ የደም ፕላዝማ ከቀረበልዎት፣ ሁለቱም ዋጋቸው እንጂ ጥቅማቸው አልተረጋገጠም። ፎሊክ አሲድ 400 ማይክሮ ግራም በየቀኑ ግን ያለ ክርክር። ከሁለታችሁ የሚያጨስ ካለ ማቆሙ ከእንክብሎቹ ሁሉ ይበልጣል፤ ሲጋራ ማረጥን ከ1 እስከ 4 ዓመት ያስቀድማል።

ዝግጅቱ ይጠቅማል ብለን ግን ግማሽ ዓመት አይጠብቁ። በእርስዎ ቁጥር 2 ወይም 3 ወር በቂ ነው።

ከዚያ በፊት ክሊኒኩን ሦስት ነገር በጽሑፍ ይጠይቁ። መርፌው በተጀመረበት ቀን የነበረው የእያንዳንዱ ፎሊክል መጠን ስንት ነበር፤ ከ10 ሚሊ ሜትር ያለፈ ካለ መላምታችን ተረጋገጠ። ሁለቱ ያልበሰሉ እንቁላሎች በየትኛው ደረጃ ላይ ነበሩ፣ ያልጀመሩ ወይስ ያልጨረሱ። ትሪገሩ በስንት ሰዓት ተሰጠ፣ እንቁላሉስ በስንት ሰዓት ወጣ። የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሌሊት 5 ሰዓት ይሰጥ የተባለው መርፌ ሰው ተኝቶ ሰዓት ቢያልፍበት ወይም ዱቄቱ ከውኃው ጋር በደንብ ሳይቀላቀል ቢወጋ፣ ትልቅ ፎሊክልም ያልበሰለ እንቁላል ሊሰጥ ወይም ባዶ ሊሆን ይችላል። በሚቀጥለው ዙር የመርፌውን ሰዓት በደቂቃ ይመዝግቡ፤ ቢዘገይም ቢሳሳትም ወዲያው ይደውሉ፣ ማውጫው ሰዓት ሊገፋ ይችላል እንጂ ዝም ከተባለ የሚጠገን ነገር የለም። የብዕር መርፌውንም ከማቀዝቀዣ በር ሳይሆን ከመሃል መደርደሪያ ያስቀምጡ፣ በረዶ እንዳይሆን ወደ በረዶ ቤቱ አያስጠጉት፤ በረዶ ሆኖ የቀለጠ ሆርሞን ይጣላል።

በዙሩ መጨረሻ ፕሮጄስትሮን፣ የማህፀኑን ሽፋን ለጽንስ የሚያዘጋጀው ሆርሞን፣ እንዲለካ ይጠይቁ። በትሪገር ቀን ከ1.5 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ካለፈ የማህፀኑ ሽፋን ከጽንሱ ቀድሞ ሄዷል ማለት ነው፤ ጽንሱን በዚያው ወር ከማስገባት አቀዝቅዞ በሌላ ወር ማስገባት ይሻላል። ማቀዝቀዝ ለእርስዎ ሌላም ጥቅም አለው። በአንድ ዙር 2 ወይም 3 የበሰለ እንቁላል ከተገኘ፣ ሁለት ሦስት ዙር አጠራቅሞ ኋላ መምረጥ ይቻላል፤ በአንዱ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ አነቃቅቶ የማውጣት አሠራርም ጊዜ ለሚሻሙ ሴቶች ይጠቅማል።

የለጋሽ እንቁላልን በተመለከተ በ36 ዓመት፣ ከአንድ ዙር በኋላ፣ 2 የበሰለ እንቁላል ብቻ ታይቶ ጥያቄው ቀድሞ ተነሳ እንላለን። ፎሊክሎቹ እኩል አድገው፣ አብዛኞቹ እንቁላሎች በስለው፣ የባለቤትዎ የዲኤንኤ ምርመራ ታይቶ፣ ጽንሶቹ በተደጋጋሚ 5ኛው ቀን ሳይደርሱ ቢቀሩ ያኔ ጥያቄው ራሱ ቁም ነገር ይኖረዋል። ምርጫው የእርስዎና የባለቤትዎ ነው፤ ጊዜውን ግን ያልተጣራ ቁጥር አይወስንላችሁ።

አንድ ነገር ቢይዙልን ይህ ይሁን። በሚቀጥለው ዙር ወር አበባዎ በመጣ በ2ኛው ቀን ደምና አልትራሳውንድ ሲታይ ቁጥሩን ራስዎ ይጠይቁ። ኢስትራዲዮል እየወሰዱ ከደረሱ ደሙ ከፍ ማለቱ ከእንክብሉ ስለሆነ አልትራሳውንዱ ነው የሚፈርደው። እንክብል ሳይወስዱ ከ80 በላይ ከሆነ፣ ወይም አንዱ ፎሊክል ከ10 ሚሊ ሜትር አልፎ ሌሎቹ ከ5 በታች ከሆኑ፣ በዚያ ወር መርፌውን ከመክፈት በፊት ወሩን ማሳለፍ ይሻል እንደሆነ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገሩ።